ዕዳው በዶላር፣ ገቢው በባት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በእስያ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ሰው ስልክ መደወል አላቆመም። ታዲያ የስልክ ኩባንያዎቹ ለምን ተንገዳገዱ? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አጥጋቢ መልስ አጣሁ። (መምህር፣ ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ዋናውን ነገር ነክተውታል። ችግሩ የደንበኛ ማጣት አልነበረም። ታይላንድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባንኮክ ቴሌኮምኤዥያ፣ ከባንኮክ ውጭ ደግሞ ቲቲኤንድቲ የተባሉ የግል ኩባንያዎች መስመር የመዘርጋት ውል ወሰዱ፤ የመጀመሪያው ድርሻ ኋላ 2.6 ሚሊዮን፣ የሁለተኛው 1.5 ሚሊዮን መስመር ደረሰ። መሣሪያው ከውጭ የሚገዛ ነው፤ ስለዚህ ብዙ የውጭ ብድር ተወሰደ። የታይላንድ ገንዘብ ባት ለዓመታት በዶላር 25 ግድም ላይ ስለቆየና የውጭ ብድር ወለድም ከአገር ውስጡ ያነሰ ስለነበር፣ በዶላር መበደር ብልህነት ይመስል ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1997 መንግሥት ባትን ለገበያ ለቀቀው። በጃንዋሪ 1998 አንድ ዶላር 56 ባት ገደማ ሆነ። አሁን ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው፦ 100 ሚሊዮን ዶላር የተበደረ ኩባንያ ዶላር 25 ባት ሳለ ዕዳው 2.5 ቢሊዮን ባት ነበር፤ ዶላር 50 ሲገባ 5 ቢሊዮን ሆነ። አንድ ዶላር አልተጨመረለትም፣ አንድ መስመርም አልዘረጋበትም። ደንበኛው ግን ለአንድ የከተማ ውስጥ ጥሪ የሚከፍለው ያው 3 ባት ነው፤ ታሪፉን ደግሞ ኩባንያው እንደፈለገ አያነሣውም። መስመሩ ቀን ከሌት ቢጨናነቅ እንኳ ዕዳው ላይ አይደርስም። ቴሌኮምኤዥያ የተረፈው ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን እንደገና ተደራድሮ ነው፤ በ2004 ስሙን ትሩ ብሎ ለወጠ።

በዶላር መሸጥ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያድንም። የደቡብ ኮሪያ ቺፕ አምራቾች ወደ ውጭ ይሸጡ ነበር፤ ሆኖም የሚሞሪ (የማስታወሻ ቺፕ) ዋጋ ከ1996 ጀምሮ ወድቆ ነበር፣ ዕዳቸውም ከባድ ነበር። በ1999 የኤልጂ የቺፕ ድርጅት ለሂዩንዳይ ኤሌክትሮኒክስ ተላለፈ፤ እሱ ነው ኋላ ሃይኒክስ የሆነው።

ጥያቄ፦ ዶላር ከጨመረ ወዲህ ስልክ እሸጣለሁ፣ አተርፋለሁ፤ ዕቃ ልገዛ አዲስ አበባ ስወርድ ግን ብሩ አይበቃኝም። የት ነው የሚጠፋብኝ? (የሞባይል ነጋዴ፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሚጠፋብዎት ዋጋ ሲቆርጡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር፣ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በ8,000 ብር የገዙትን ስልክ በ9,500 ቢሸጡ ደብተርዎ ላይ 1,500 ብር ትርፍ ይታያል። ያው ስልክ አሁን አከፋፋዩ ዘንድ 11,000 ከሆነ ግን ለመተካት 1,500 ብር ከኪስዎ ይጨምራሉ። ትርፉን ቤት ከወሰዱት ደግሞ ጉድለቱ 3,000 ነው። መደርደሪያው በየወሩ እየሳሳ የሚሄደው በዚህ ነው።

ስለዚህ ዋጋ የሚቆረጠው በገዙበት ሳይሆን በሚተኩበት ዋጋ ላይ ነው፦ የዛሬ የአከፋፋይ ዋጋ፣ የማጓጓዣ ድርሻ፣ ከዚያ ትርፍ። ደብተርዎ ላይ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ ዕቃ፣ የገዙበት፣ ዛሬ የሚተካበት፣ የሸጡበት። ከገበያ ቀን ዋዜማ ለአከፋፋይዎ ደውለው አራተኛውን ዓምድ ይሙሉ። ዋጋ ወርዶ ከሆነም እርስዎም ያውርዱ፤ በድሮ ዋጋ ሙጭጭ ያለ ነጋዴ ገዢውን ለጎረቤቱ ይሰጣል።

ዱቤን በተመለከተ ጥብቅ ይሁኑ። የሦስት ወር ዱቤ ማለት የዛሬን ስልክ ከሦስት ወር በኋላ በሚኖረው የብር ዋጋ መሸጥ ማለት ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቴልኮምሴል የተባለ የሞባይል ኩባንያ በዚያው የቀውስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የቅድመ ክፍያ ሲም አውጥቶ ነበር፤ የቅድመ ክፍያ ጥቅሙ ገንዘቡ ከአገልግሎቱ ቀድሞ መግባቱ ነው። እርስዎም ቢያንስ ግማሹን ቅድሚያ ይቀበሉ፤ የቀረውን ከሠላሳ ቀን አያሳልፉ። ራስዎ ከአከፋፋይ በዱቤ ሲወስዱ ደግሞ ዋጋው በብር ተቆርጦ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «በዕለቱ ምንዛሪ» የሚል የቃል ስምምነት ከገቡ፣ የዶላር ባለዕዳ ሆኑ ማለት ነው።

አንዳንዱ ነጋዴ «ይጨምራል» ብሎ ያለ የሌለውን ብር ስልክ ላይ ያፈሳል። ስልክ እንደ ጤፍ ጎተራ የሚያስገቡት አይደለም፤ አዲስ ሞዴል ሲመጣ ዋጋው ይወድቃል፣ ባትሪውም በካርቶኑ ውስጥ እያለ ይደክማል። በስድስት ሳምንት ከሚያልቅ በላይ አይያዙ።

ጥያቄ፦ አዲስ ስልክ ስለተወደደ ጥገና በዝቶልኛል። ምን መለዋወጫ ልያዝ? (የሞባይል ጠጋኝ፣ ዳንግላ)

መልስ፦ በብዛት የሚያዘው ርካሹና ቶሎ የሚያልቀው ነው፤ የቻርጅ ሶኬት በመጀመሪያ ደረጃ። ስክሪን ውድ ስለሆነና ለአንድ ሞዴል ብቻ ስለሚሆን፣ በአካባቢዎ በብዛት ለተሸጡት ጥቂት ሞዴሎች ብቻ ሁለት ሁለት ይበቃል። ለሌላው ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው ያስመጡ።

ባትሪ የሚቀመጠው ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ 3.8 ቮልት ግድም ላይ፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ሙቀት ርቆ ነው። ሲገዙ በመልቲሜትር ይለኩት፤ ከ3 ቮልት በታች የወረደውን አይቀበሉ። ያበጠውንም አይጫኑት፣ አይውጉት፤ ይቃጠላል።

«ቻርጅ አያደርግም» ተብሎ የሚመጣ ስልክ ሁሉ ሶኬት አይፈልግም፤ በውቂያ ወራት በተለይ የእብቅ ብናኝ ውስጡ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ስልኩን አጥፍተው በቀጭን እንጨት ያውጡ፣ በአልኮል ያጽዱ፣ ሲደርቅ ይሞክሩ። ሶኬቱ መቀየር ካለበት በሙቅ አየር ሲነቅሉ አጠገቡ ያለውን ፕላስቲክና ማይክ ሙቀት በሚችል ቴፕ ይሸፍኑ፤ አለበለዚያ ቻርጁ ተስተካክሎ ድምፁ ይጠፋል። ስክሪንም ከመለጠፍዎ በፊት ገመዱን ብቻ ሰክተው ያብሩትና አራቱንም ጥግ በጣት ይፈትሹ። ከተለጠፈ በኋላ አከፋፋይ አይመልስም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ተከትሎ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ታወሩ ባትሪ አለው ይባላል። (ሞጣ)

መልስ፦ አለው፤ ግን ልክ አለው። ታወር በ48 ቮልት ይሠራል። 1,500 ዋት የሚጠቀም ጣቢያ ወደ 31 አምፔር ይስባል። 300 አምፔር-ሰዓት የሊድ ባትሪ ቢኖረው፣ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ አምስት ሰዓት አይሞላም። መብራት ለሦስት ሰዓት ብቻ መጥቶ ቢሄድ ባትሪው ሳይሞላ እንደገና ይወጣል፤ እንዲህ ሲደጋገም ዕድሜው ያጥራል።

ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2022 የውጭ ምንዛሪ ሲያልቅባት ነዳጅ ጠፋ፤ በማርች መጨረሻ መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ይቋረጥ ነበር። መብራት በሌለበት ታወሩን የሚያሠራው ጄኔሬተር በሰዓት 2.5 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ፣ ለ13 ሰዓት ከ32 ሊትር በላይ ነው፤ ለአንድ ታወር፣ በአንድ ቀን።

እርስዎ ዘንድ መብራት እንደጠፋ አስቸኳዩን ጥሪና የሞባይል ገንዘብ ዝውውር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጨርሱ። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ ያድርጉት፤ ሲግናል ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል።