መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ለኦዲሽን (ለሙዚቃዊ ትርዒት ዘፋኝ ለሚመረጥበት ፈተና) 16 ባር አዘጋጂ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ትዝታስ መዝፈን እችላለሁ?

እህቴ፣ 16 ባር ሙሉ ዘፈን አይደለም። ባር ማለት የዘፈኑ ምት የሚከፋፈልበት መስፈሪያ ነው፤ በ4/4 አንዱ ባር አራት ምት ስላለው 16ቱ 64 ምት ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ መካከለኛ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ከመግቢያው አትጀምሪ። ድምፅሽ ከፍ የሚልበትን፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን አዝማች መርጠሽ ውሰጂ።

ትዝታ አይከለከልም፤ ግን እዚያ የሚያጅብሽ የአሜሪካ ፒያኒስት ቅኝቱን በጆሮው ያውቀዋል ብለሽ አትጠብቂ፣ ኖታ ይዘሽለት ግቢ። ደግሞ ትዝታ እየጎተቱ የሚያንጎራጉሩት ነው፤ ብዙም ሳትዘፍኚ 16ቱ ባር ያልቅብሻል። የኦዲሽኑ ማስታወቂያ «ከትርዒቱ ስልት ጋር የሚሄድ» ካለ እሱን ተከተይ፣ ትዝታውን «ሌላስ አለሽ?» ሲሉሽ አውጪው።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት የኖታ ወረቀቱ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የታችኛው መስመር፣ ማለትም የፒያኒስቱ የግራ እጅ ኖታ፣ ይቆረጣል፤ ሰውየው ያለ ቤዝ ይጫወታል፣ አንቺም የዘፈኑ ቁልፍ (የምትነሺበት የድምፅ ከፍታ) ይጠፋብሻል። እያንዳንዱን ገጽ እስከ ጠርዙ እዪው። በክላሰር እሰሪው እንጂ ልቅ ወረቀት አትስጪ፣ ይወድቃል። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክም አታልብሺው፣ መብራት ያንጸባርቃል። የምትዘፍኚውን ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ በደማቅ ቀለም አስምሪ።

ፍጥነቱን ለማሳየት ጣትሽን አታጩሂበት (ይህን ፒያኒስቶች አይወዱትም)፤ ሁለት ባር በለሆሳስ አንጎራጉሪለት። ስትዘፍኚ ዓይንሽን ከዳኞቹ ራስ ትንሽ ከፍ አድርጊ። ግጥም ከጠፋብሽ ዜማውን ይዘሽ ቀጥይ፣ ይቅርታ ብለሽ አታቁሚ።