መልስ፦ ቴሌስኮፕህ ላይ የሚንቀጠቀጠው ትራይፖዱ (ሦስት እግሩ) ነው ወይስ ማውንቱ (ቱቦውን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል)?

ወንድሜ፣ 130/900 ኒውቶኒያን (ባለ 130 ሚሊሜትር መስታወት፣ የትኩረት ርቀቱ 900 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ) ኢኪው2 በሚባለው ትንሽ ማውንት ላይ ጭነህ ፎከሱን በነካህ ቁጥር ጁፒተር እየዘለለ ካስቸገረህ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለይ። በ150 እጥፍ እያየህ ቱቦውን በጣትህ መታ አድርግና ምስሉ እስኪረጋ ቁጠር። 2 ሰከንድ ደህና ነው፤ ከ5 በላይ ግን አይሆንም። ከዚያ የትራይፖዱን እግሮች ሙሉ በሙሉ አሳጥረህ ድገመው። በግልጽ ከተሻለው ጥፋቱ የእግሮቹ ነው፤ ቀጭን አሉሚኒየም መገጣጠሚያው ላይ ይጠማዘዛል። ብሎኖቹን አጥብቅ፣ በእግሮቹ መሃል የሚገባውን ትሪም ሳታስር አትጠቀም።

ካልተሻለው ጥፋቱ የማውንቱ ነው፤ ማውንቱንም ትራይፖዱንም ቀይር። ተለቅ ያለው ኢኪው5 ማውንት ከነብረት እግሩ 9 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፣ ያንተ ቱቦ 4 ኪሎ ቢሆን ነው። ኢኪው3 በወረቀት ላይ ይበቃል፤ ረጅም ቱቦ ግን ነፋስ ስለሚይዝ አልመክረውም።

አዲስ አበባ ከሆንክ ደግሞ የማውንቱ የዋልታ ዘንግ (ወደ ሰማይ ዋልታ የሚያመለክተው፣ በከተማው ኬክሮስ ልክ የሚዘነበለው) 9 ዲግሪ ላይ ስለሚተኛ ቱቦውን የሚያመዛዝነው ክብደት ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ማውንቱ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ሻጩን ሳትጠይቅ እንዳትከፍል። ፎቶ ካላሰብክ ግን በ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ የዶብሶኒያን መቀመጫ (ቱቦውን በእጅ ወደ ላይና ወደ ጎን የምታዞርበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ የእንጨት ሳጥን) አሠራ፤ ከሁሉም ይረክሳል፣ አይንቀጠቀጥምም።