ስለ ጎዳና ወጣቶችና ስለ መንግሥት እርምጃ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የሰጠሁት መልስ

በአዲስ አበባ ከጎዳና ተዳዳሪ ልጆችና ወጣቶች ጋር 12 ዓመት የሠራሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። የጠየቃችሁኝን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ያነሣቸዋል፣ እነሱ ግን ተመልሰው ይመጣሉ። ጎዳናውን ስለለመዱት አይደለም?

መልመድ አለ፤ አልክድም። ነገር ግን አውቶቡስ ተራ አካባቢ የማውቀው የ17 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ወደ ትውልድ ቀዬው ተልኳል። ሁለቱንም ጊዜ ቤቱ ሲደርስ የጠበቀው ጥሎት የሄደው ችግር ነው፦ ለወንድማማቾች የማትበቃ ማሳና በዱላ የሚቀበለው የእንጀራ አባት። ልጅን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ መላክ ከቤተሰብ ማገናኘት አይባልም። ማገናኘት ማለት አስቀድሞ ወላጆችን ማነጋገር፣ ልጁ ለምን እንደወጣ ማወቅ፣ ከተመለሰም በኋላ ለወራት እየሄዱ መጠየቅ ነው። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰውና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለአፈሳ መኪና ይበቃል፤ ትልልቅ ስብሰባዎች ሲቃረቡ አፈሳ የሚቀናንም ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሕጉስ ምን ይላል? ቦዘኔነት ወንጀል አይደለም እንዴ?

1996 ዓ.ም.ን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዓመት የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ወጣ፤ በአዋጁ የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት የለውም። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ጸደቀ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ዜጋ ወጣት ብሎ በልማቱ ተሳታፊና ተጠቃሚ እንዲሆን አሰበለት። በረንዳ ላይ የሚያድረው የ19 ዓመት ልጅ በሁለቱም ሰነዶች ውስጥ አለ። ማታ የሚያገኘው ሰው የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ ነው የፖለቲካው ክርክር።

ፀጥታን የሚያስቀድሙ ወገኖች ስጋታቸው እውነት ነው፤ ሞባይሏን የተነጠቀች እናት መፍራቷ አያስወቅሳትም። የነጠቀው በፈጸመው ድርጊት ይጠየቅ። በረንዳ ላይ መተኛት ግን ድርጊቱ ሳይሆን ችግሩ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን አቅም በፈቀደ መጠን መርዳትን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ግን እንደ ማምለጫ ሲያገለግል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ሴፍቲኔቱ (የመንግሥት የድሆች መደገፊያ ፕሮግራም) ለእነሱም ነው ተብሎ አልነበረም?

ነበር። የከተማ ምግብ ዋስትናና ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ጎዳና ላይ ያሉትንም ታሳቢ አድርጓል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በፕሮግራሙ ተነሥተው ሙያ የተማሩ ልጆችም አውቃለሁ። ችግሩ በፕሮግራሙ የአካባቢ ልማት ሥራ፣ ማለትም ሠርቶ ክፍያ በሚገኝበት ክፍል፣ ለመታቀፍ የአካባቢው ነዋሪ መሆን ማስፈለጉ ነው። ነዋሪነትን የሚመሰክረው መታወቂያ ነው፤ ለመታወቂያ ከትውልድ ቦታ መሸኛ ይጠየቃል፤ ከቤቱ ሸሽቶ የወጣ ልጅ መሸኛ ከማን ያምጣ? ሥልጠናውን ጨርሶ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ መታወቂያና ዋስ አጥቶ ወደ በረንዳው የተመለሰ ወጣት አለ። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

የፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ፣ ምዝገባ እዚህ ላይ ተስፋ ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። የማኅበራዊ ሠራተኞች ለልጆቹ ምስክር ሆነው ቢቆሙላቸው ብዙ በር ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጆችስ? ጎዳና ላይ ብዙም አላይም።

ስለማይታዩ የሉም ማለት አይደለም። ሴቷ ከመሸ ሜዳ ላይ መተኛት ስለማትደፍር በየቤርጎው ትጠለላለች፤ የሚከፍልላት ሰው ደግሞ የሚፈልገው ነገር አለ። በምሽት የሚደረግ ቆጠራ አያገኛትም፤ በቆጠራ ላይ የቆመ በጀትም አያውቃትም።

ጥያቄ፦ ሳንቲም ልስጣቸው ወይስ ይቅር?

እንደ ልብዎ። ምግብ ቢገዙለት እመርጣለሁ፤ ከሁሉ በላይ ስሙን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ እርስዎ ባለሥልጣን ቢሆኑ ከምን ይጀምሩ ነበር?

ከሌሊት ማደሪያ። በየክፍለ ከተማው ፎርም የማይሞላበት፣ ፖሊስ በር ላይ የማይቆምበት፣ ገላ መታጠቢያና ፍራሽ ያለው ቤት እከፍት ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ስለ ሥልጠናም ስለ ቤተሰብም አላነሣበትም። ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚነግሩን ስም የራሳቸው አይደለም። ሦስት አራት ሌሊት በሰላም ከተኙ በኋላ ነው አንዱ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ እውነተኛው ስሜ ሌላ ነው» የሚለው። የቤተሰብ ፍለጋውን ከዚያ እጀምራለሁ።