ጽጌረዳና ወርዳ፦ የአበባ ስሞች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከከሚሴ ስለ አበባ ስሞች፣ በተለይ ስለ ጽጌረዳ፣ የጠየቃችሁኝ በርከት ብሏል። በሉ እንጀምር።

ጋሼ፣ «ጽጌረዳ» ላይ ያለው «ረዳ» አገዘ ማለት ነው? እናቴ በምጧ ቀን የረዳቻት አበባ ናት እያለች ነው ያሳደገችኝ።

የእናትሽ ጨዋታ ደስ ይላል፤ ግን አይደለም። «ጽጌ» በግዕዝ አበባ ነው። «ረዳ» የመጣው ከግሪኩ «ሮዶን» ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአብዛኛው ከግሪክ ስለሆነ፣ የግሪክ ቃል በግዕዝ ውስጥ ብርቅ አይደለም። እንግዲህ «የጽጌረዳ አበባ» ስንል አበባን ሁለቴ እየጠራን ነው። እኔም እላለሁ፣ ማንም አይከሰንም።

የአክስቴ ልጅ ወርዳ ትባላለች። ከጽጌረዳ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል እንጂ! ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። «ወርድ» አረብኛ ነው፤ አንዷን ለይተው ሲጠሩ «ወርዳ» ይላሉ። አረብኛም ግን የራሱ አይደለም፣ በአራማይክ በኩል ተውሶት ነው። ሥሩ ጥንታዊ የኢራን ቋንቋ ነው፤ «ውርድ» ዓይነት ቃል ነበር። አርመኖች ወስደው «ቫርድ» አሉት። የግሪኩ «ሮዶን» ራሱ ከዚያው ነው፤ ድሮ መነሻው ላይ «ው» ነበረችው፣ ኋላ ተዋጠች። ፋርሶች ደግሞ በቤታቸው የነበረውን ቃል በዘመን ብዛት ለውጠው ለውጠው «ጉል» አደረጉት። «ው» ወደ «ጉ»፣ «ርድ» ወደ «ል» ዞረ። ቱርኮችም ከእነሱ ወሰዱት።

ስለዚህ «ረዳ» እና «ወርዳ» አንድ ቃል ናቸው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፣ ሌላው በመስጊድ አረብኛ ዞሮ ወሎ ገባ። አንድ ሰፈር ውስጥ ጽጌረዳና ወርዳ ቡና ሲጠራሩ ይውላሉ፤ ሞክሼ መሆናቸውን ግን ማን ነገራቸው?

ወርኃ ጽጌስ?

ያው የአበባ ወር ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመውም ያኔ ነው።

ሮዝ የምንለው ቀለም ከአበባዋ ነው?

አዎ፣ ከላቲኑ «ሮዛ» የመጣ የአውሮፓ ቃል ነው። አረቦችም ያንኑ ቀለም «ወርዲ» ይሉታል።

አንድ ሰው ቀጋ ጽጌረዳ ነው አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?

አልቀለደብህም። ሳይንሳዊ ስሙ «ሮዛ አቢሲኒካ» ነው፣ የሐበሻ ጽጌረዳ እንደማለት። ደጋ ላይ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው እሾሁን መቼም አይረሳውም። አበባው ነጭ ነው፣ ፍሬው ሲበስል ይቀላል። የሚበላው ከላይ ያለው ስስ ሥጋ ነው። ውስጡ ያለው ፍሬ ጸጉራም ስለሆነ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ልጆች ፈልቅቀው የሚጥሉት ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች ጽጌረዳን የፈረንጅ ብቻ ማድረጋችን ይገርመኛል።

እኛ ከሚሴ አደይን «ኬሎ» ነው የምንለው። ትርጉሙ ቢጫ አይደል?

ትክክል፣ ኦሮምኛው ኬሎ ለአበባውም ለቢጫ ቀለምም ያገለግላል። ሮዝና ወርዲ የሠሩትን ሥራ እዚህም አገኘነው። ትግርኛ «ገልገለ መስቀል» ብሎ ከበዓሉ ጋር ያያይዘዋል። ሳይንሱ ግን ውበቱን ትቶ ዘሩን አየ፤ «ባይደንስ» አለው፣ በላቲን ሁለት ጥርስ። የአደይን ዘመድ የሰይጣን መርፌን አስቡት። ማሳ አቋርጠህ ስትወጣ ጋቢህ ላይ የሚሰካው ያ ጥቁር ቀጭን ዘር ነው። ጫፉን ጠጋ ብለህ ብታየው ሹል ሹል ጥርስ አለው። ስሙ የወጣው ከዚያ ነው።

ሮዝመሪም የጽጌረዳ ዘር ነው መቼም?

የለበትም። ላቲኑ «ሮስ» ጤዛ፣ «ማሪኑስ» የባሕር ነው። የጥብስ ቅጠል በሉትና ተገላገሉ።