ወንድምሽን ስለ ነፋሱ ሳይሆን ስለ ውሃው ጠይቂው

እህቴ፣ ወንድምሽ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ሆኖ፣ ከባድ አውሎ ነፋስ እየመጣ፣ «ቤቴ ጠንካራ ነው፣ አልወጣም» ሲልሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል? እረዳሻለሁ። ስለ ነፋሱ ግን አትከራከሪው። «ቤትህ የትኛው ዞን ነው?» በይው። እዚያ የመልቀቂያ ዞኖች በፊደል ነው የተከፈሉት፤ ኤ ለባሕር ጎርፍ በጣም የተጋለጠው ነው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጨርሰው ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ እዚያው ፍሎሪዳ ያለችውን ፎርት ማየርስን በውሃው ምን እንዳደረጋት አስታውሺው። ውጣ ከተባለ ዛሬውኑ ይውጣ። የግድ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ የወዳጅ ቤት ወይም መጠለያ ይበቃዋል።

ከዚያ ድምፁ ቢጠፋ ወዲያው ክፉ አታስቢ፣ መብራትና ኔትወርክ አብረው ይጠፋሉ። ስልክ እምቢ ሲል አጭር ቴክስት ሊያልፍ ይችላል። ጄኔሬተር ካለው ቤት ውስጥ እንዳያስነሳ አደራ በይው፤ ጭሱ ይገድላል። እግዚአብሔር ይጠብቀው። ሲደውልልሽ ንገሪን።