መልስ፦ እግረኛውን አርበኛ ከጥይት ሌላ ምን ይፈትነው ነበር?

ወንድሜ፣ በጠላት ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ከእነ ራስ አበበ አረጋይ ጋር በሰሜን ሸዋ ተራሮች የተዋጋውን እግረኛ ከጥይት ሌላ ምን እንደፈተነው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማበር ላይ ጋቢ ብቻ ለብሶ ውርጭ ሲመታው ያደረ ሰው፣ ገደሉን ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲያፈገፍግ ወባ ይጠብቀዋል፤ ያንኑ አቀበትም ጠመንጃውን፣ ጥይቱንና በሶውን ተሸክሞ መልሶ ይወጣዋል። ቁስለኛ ሲኖር ደግሞ መከራው ይብሳል፤ በቀጭኑ የገደል መንገድ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መተኮስ ስለማይችሉ፣ አንዱ ሲቆስል ብዙ ተዋጊ ይጎድላል። ስንቅ ያቀብሉ የነበሩት ሴቶችና ገበሬዎችም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) መንደራቸው እየተቃጠለባቸው ነበር የሚያቀብሉት።