መልስ፦ መዝገብ ላይ ያለ ቤት መስኮት መቀየር ይቻላል?

ትችላለህ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ስፔሪቪል መንደር የምትገዛው ቤት የአገሪቱ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ስላለ ብቻ መስኮቱን እንዳትቀይር የሚከለክልህ የለም። መዝገቡ የቆመበት እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ የሚመለከተው የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበትን ሥራ ነው። በራስህ ብር የምትሠራውን አይነካም። ጥያቄህ ላይ እንደጻፍከው ባለቤትህ «ሙዚየም ነው እንዴ የምትገዛው?» ያለችህ እንግዲህ ልክ አይደለም።

የሚያስረው ሌላ ነው።

1. የአካባቢው ደንብ። እዚያው ራፓሃኖክ ካውንቲ ውስጥ ትንሿ ዋሽንግተን (ዋና ከተማዋ ሳትሆን የቨርጂኒያዋ ትንሽ ከተማ) የቤቶችን የውጭ ገጽታ የሚመረምር ቦርድ አላት።

2. የቀድሞ ባለቤት የፈረመው የጥበቃ ውል፣ ማለትም የቤቱን ታሪካዊ ገጽታ ላለመለወጥ የገባው ግዴታ። ከቤቱ ጋር አብሮ ይተላለፋል። የግዢውን ውል ሳትፈርም የካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ሄደህ የንብረቱን ሰነድ አስፈትሽ።

ግን የድሮውን መስኮት ለመጣል አትቸኩል። ቨርጂኒያ ደንቡን ላሟላ እድሳት፣ ለምትኖርበት ቤትም ቢሆን፣ የወጪውን 25% የታክስ ክሬዲት (ከምትከፍለው ግብር ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ትሰጣለች። የፌዴራሉ መንግሥት የ20% ክሬዲት ግን ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ብቻ ነው። እኔ ለክሬዲቱ ያመለከትኩት የእንጨቱን መስኮት ነቅዬ ፕላስቲክ ካስገጠምኩ በኋላ ነበር። ያ ሲያዩበት ውጪው የሚወዛወዝ አሮጌ መስታወት ቆሻሻ ገንዳ ገብቷል። ክሬዲቱም አብሮ ሄደ። አንተ መጀመሪያ እያንዳንዱን መስኮት ፎቶ አንሳ፣ ማመልከቻህን አስገባ፣ ከዚያ መዶሻ ያዝ።